ቦሎው የሚያውቀውን ገዢው ለምን አያውቅም?

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊያይ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ሞተሩ የሞቀ መኪና ነው። ሻጩ ወይም ደላላው ማልዶ አስነሥቶ፣ ሰፈሩን ዞር ዞር ብሎበት፣ አሳጥቦ አቁሞታል። «አሁን ልጆቹን አድርሼበት መጣሁ» ይላል፤ ገዢውም አይጠይቅም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ብቻ የሚሰማው መንኳኳት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከማርሚታው ቡልቅ ብሎ የሚጠፋው ሰማያዊ ጭስ፣ የደከመ ባትሪ ማቃሰት፣ ሁሉም ገዢው ከመድረሱ በፊት አልፈዋል። ነገሩን የሚያውቁ መካኒኮች ሰላምታ እንደጨረሱ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ የሚያሳርፉት ለዚህ ነው። ሞቆ ካገኙት «ነገ ጠዋት እንመጣለን፤ እስከዚያ እንዳታስነሳው» ብለው ይመለሳሉ።

እንዲህ ያለ መካኒክ ይዞ የሚሄድ ገዢ ዕድለኛ ነው። አብዛኛው ሰው ግን ለዓመታት ያጠራቀመውን፣ ዕቁብ ወጥቶለት ያገኘውን፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት የላከለትን ገንዘብ ይዞ የሚቀርበው ከደላላው አንደበት በቀር ምንም ማስረጃ ወደሌለበት ገበያ ነው። «ጋሼ፣ ይቺን መኪና የነዳት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ እውነት መሆኑን ማረጋገጫ መንገድ አለመኖሩ ነው።

ገንዘቡ ደግሞ ቀላል አይደለም። በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን፣ በተለይም ከሰባት ዓመት በላይ የሆናቸውን፣ ከዋጋቸው በላይ በሚሆን ታክስ ከገቢ ንግዱ ገፋቸው። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ብርም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከዶላር አንጻር ክፉኛ ወረደ። የሦስቱ ውሳኔዎች ድምር ውጤት ዛሬ በየመንገዱ ይታያል። ሃያ ዓመት ያገለገለች ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ትጠራለች። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ እዚህ ግን የነዳጅ መኪና ገንዘብ ማስቀመጫ ሆኗል። ገንዘብ ማስቀመጫ የሆነ ዕቃ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እጅ ይቀያይራል፤ እያንዳንዱ ሻጭም የራሱን ጊዜ ጉዳት ሸፍኖ የማስተላለፍ ምክንያት አለው።

ከሁሉ በላይ የሚሸፈነው ኪሎ ሜትር ነው። በዲጂታል ጌጅ ላይ ቁጥሩን ለመቀነስ ከመሪው ሥር ባለው የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት የሚሰካ መሣሪያና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የዋጋ ልዩነቱ ግን በመቶ ሺዎች ብር ይቆጠራል። በከተማ ውስጥ የተሳፋሪ አገልግሎት የሚሰጥ መኪና በቀን 150 ኪሎ ሜትር ቢሠራ፣ በዓመት 300 ቀን ሲወጣ 45 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በሦስት ዓመት 135 ሺህ ማለት ነው። ይህ መኪና «የቤት መኪና» ተብሎ 70 ሺህ የሚያሳይ ጌጅ ይዞ ሲቀርብ፣ ገዢው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። የካምቢዮ ዘይት፣ የሞተር ሰንሰለት፣ የአሞርዛተር መቀየሪያ ጊዜ ሁሉ የሚቆጠረው በዚያ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ሲዋሽ ሌሎች ክፍሎች እውነቱን ይናገራሉ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ፣ መሪው በሁለቱ እጆች መያዣ በኩል ከለሰለሰና ካበራ፣ የሹፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ከተበላ፣ መኪናው ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ ወጥቶበታል፣ ወርዶበታል። በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሎቹ ብቻ አዲስ ጎማ ለብሰው ቢገኙም እንዲሁ ሊያጠራጥር ይገባል። የመኪና ጎማ በጎኑ ላይ አራት አሃዝ ተቀርጾበታል፤ 2318 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች የደህንነት ቀበቶው ሥር ያለው ጨርቅ ላይም የተሠራበት ጊዜ አለ። በሊብሬው ላይ ከተጻፈው የሥሪት ዓመት ጋር ካልተገናኘ ጥያቄ መነሣት አለበት።

ቪትዝን በቅርብ ማየት ይገባል፤ የአዲስ አበባ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ያገለገለ መኪና ሲል በልቡ የሚያስበው እርሷን ነውና። ቶዮታ «ቪትዝ» የሚለውን ስም ከ1999 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የተጠቀመበት ለጃፓን ገበያ ነው፤ ለሌላው ዓለም የላከው በአብዛኛው «ያሪስ» እያለ ነው። ጃፓን ደግሞ በግራ በኩል የሚነዳባት አገር በመሆኗ መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ ቪትዝ ሆና ወጥታ ዛሬ መሪዋ በግራ ያለ መኪና መሪዋ በመንገድ ላይ ተዞሯል ማለት ነው፤ ይህ ሥራ ለዓመታት በዱባይና በአካባቢዋ ሲሠራ ኖሯል። በጥንቃቄ የተዞረ አለ፤ በጥድፊያ የተዞረም አለ። ልዩነቱን ለማየት ኮፈን ከፍቶ ሞተሩንና የተሳፋሪውን ክፍል የሚለየውን ላሜራ ማየት ነው። የቀድሞው የመሪ ዘንግ ይገባበት የነበረው ቀዳዳ በምን እንደተደፈነ፣ ብየዳው የተስተካከለ መሆኑን፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹ በፋብሪካ መሸፈኛ መሄዳቸውን ወይም በፕላስተር መጠቅለላቸውን ዓይን ያያል። የዝናብ መጥረጊያዎቹም ብዙ ጊዜ ሳይቀየሩ ይቀራሉ፤ ረጅሙ በቀኝ ከሆነ፣ ክረምት ሲገባ በሹፌሩ በኩል ያለው የመስታወት ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከፋው ኤርባጉ ነው። ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ሳይነሣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኤርባግ መብራት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተቆርጧል፤ ከሌላ መብራት ጋር ተቆራኝቶ አብሮ የሚበራና የሚጠፋም አለ። ከመሪው ሽፋን ሥር ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህን ሰባት ሰከንድ የማይፈጅ ምርመራ የሚያደርግ ገዢ በጣም ጥቂት ነው፤ ሕይወት የሚያድነው ግን እርሱ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ ደላሎች የሚያዘወትሯት አባባል አለች፦ «አንድ ሺ ሲሲ ቪትዝ ተፈጥሮዋ ነው፣ ትንቀጠቀጣለች።» እውነቱ ግማሽ ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ኬኤስፒ 90 የተባለው ሞዴል 996 ሲሲ ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ስለሆነ ቆሞ ሲሠራ ትንሽ መንቀጥቀጡ አያስገርምም። የመጀመሪያው ትውልድ ኤስሲፒ 10 ግን 997 ሲሲም ቢሆን ባለ አራት ሲሊንደር ነው። እርሱ ከተንቀጠቀጠ ካንዴላው፣ የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር አለ። የሻንሲ ቁጥሩ የትኛው ሞዴል እንደሆነ ይናገራል፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቀው።

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱ ጉዳይ አለው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር በሚጠጋ ከተማ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ገደማ ያጣል። ውኃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩን ከዚህ የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ስለሆነ፣ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን እዚህ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ይልቅ ቶሎ ሞተር ያቃጥላል። ስለዚህ መኪናን በሜዳ መንገድ ሁለት ደቂቃ ነድቶ መወሰን ራስን ማታለል ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ከየትኛውም ጋራዥ የተሻለ መርማሪ ነው። ፍሪሲዮኑ ያለቀ መኪና እዚያ ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም፤ የቴስታ ጋስኬቱ የተጎዳው ደግሞ ሙቀቱ ከፍ ይላል፣ ሲመለስም የውኃ መጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ይታያል። ሻጩ «ነዳጅ የለውም» ካለ ገዢው ነዳጅ ይቅዳለት። ሁለት ሺህ ብር የማያወጣ ሰው ሁለት ሚሊዮን ሊያወጣ አይገባም።

የቀለም ነገር በከተማችን ብዙ አያስደነግጥም። በዚህ ትራፊክ ያልተጫረ መኪና የለም፤ ፓራውልት መቀባት ወንጀል አይደለም። መለየት ያለበት የተጫረውና የተጨፈለቀው ነው። በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት በበሩና በፓራፋንጎው ላይ ስትሄድ ላሜራው ይይዛታል፤ ስቱኮው የወፈረበት ቦታ ግን ትወድቃለች። ጥሩ ባትላሜራ ያደረገውን ዓይን አያየውም፣ ማግኔት ግን ያየዋል። ኮፈኑ ሥር ፓራፋንጎውን የያዙት ቡሎኖች ጭንቅላት ላይ ቀለሙ ከተላጠ ቁልፍ ገብቶባቸዋል፤ ራዲያተሩን የተሸከመው ብረት ላይ የእጅ ብየዳ ካለ መኪናው ከፊት ተመትቷል። ሻንሲው ከተጣመመ ጎማ በየሁለት ወሩ መብላቱ አይቀርም፤ በከባድ ፍሬን ጊዜም መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል።

አሁን የጽሑፉ ዋና ነጥብ። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ገዢው መርማሪ ፖሊስ እንዲሆን የሚጠይቅ ነው። መምህር፣ ነርስ፣ ጡረተኛ፣ ልጇን ትምህርት ቤት ማድረስ የፈለገች እናት ይህን ሁሉ ማወቅ የለባቸውም። መካኒክ ይዘው ቢሄዱም መካኒኩን ብዙ ጊዜ የሚጠራው ደላላው ነው፤ ሽያጩ ካልተፈጸመ የሚያጣው ኮሚሽን ያለው ሰው የሚያመጣው መርማሪ ለማን እንደሚያደላ ግልጽ ነው። መረጃው ግን አገሩ ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ቦሎ ለመለጠፍ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ቦታ ይቀርባል። ፍሬኑ ይለካል፣ መብራቱ ይታያል፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ይመሳከራል። በዚያች ቅጽበት ጌጁ መርማሪው ፊት ነው። ገዢ ታርጋ ወይም የሻንሲ ቁጥር አቅርቦ የዚያን መኪና የአምስትና የአሥር ዓመት ኪሎ ሜትር በተርታ የሚያይበት አሠራር ግን የለውም። ሊኖረው ይገባል።

አዲስ ሐሳብ አይደለም። ቤልጂየም ከታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ካር ፓስ» የተባለ ሰነድ አላት። መኪና የነካ ጋራዥ ሁሉ፣ ዓመታዊ ምርመራ ያደረገ ጣቢያ ሁሉ ኪሎ ሜትሩን ለአንድ ማእከል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሻጭ ያንን ሰነድ ለገዢ ካልሰጠ ገዢው ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። በብሪታንያ ማንኛውም ሰው የታርጋ ቁጥር ብቻ አስገብቶ መኪናው በየዓመቱ ምርመራ ሲገባ የተነበበውን ርቀትና የወደቀበትን ምክንያት በነፃ ያነባል። በጃፓን በምርመራ ሰርተፍኬቱ ላይ ኪሎ ሜትሩ ይሰፍራል፤ የጨረታ ቤቶቿም ለእያንዳንዱ መኪና ጭረቱንና ጥገናውን በሥዕል የሚያሳይ ወረቀት ያወጣሉ፣ በአደጋ ተመትቶ የተጠገነውንም በተለየ ደረጃ ይለያሉ። ብዙዎቹ ቪትዞች ከዚያ ሲወጡ ይህ ወረቀት ነበራቸው፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ጠፍቷል።

አሜሪካ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የመኪናን ታሪክ በሻንሲ ቁጥሩ አስፈትሸው መግዛትን ለምደዋል። ይህ ልማድ አዲስ አበባ ላለ ዘመድም ይጠቅማል። በአሜሪካ በአደጋ ምክንያት ኢንሹራንስ የጣላቸው መኪኖች በጨረታ ተሽጠው ወደ ዱባይና ሻርጃ ይሄዳሉ፤ እዚያ ተጠግነው ለሌላ አገር ይሸጣሉ። የሻንሲ ቁጥሩ ባለ 17 ፊደልና አሃዝ ከሆነና መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ፣ ቨርጂኒያ ያለች እህት በጥቂት ዶላር ሙሉ ታሪኩን ልታወጣ ትችላለች። የሚያሳዝነው ግን መኪናው ባሕር ማዶ የደረሰበት አደጋ ታውቆ፣ እዚሁ አገር የደረሰበት አለመታወቁ ነው። የአገር ውስጥ ኢንሹራንስ ድርጅቶች በአደጋ የተጎዱ ተሽከርካሪዎችን በጋዜጣ የጨረታ ማስታወቂያ እያወጡ ይሸጣሉ፤ ለሁለት ቀን ሁሉም ያየዋል። ከሦስት ሻጭ በኋላ መኪናውን የሚገዛው ሰው ግን ያንን ገጽ ከየት ያገኘዋል?

መረጃ በማጣት የሚጎዳው ገዢው ብቻ እንዳልሆነም ማሰብ ይገባል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ቀዳሚ የሆነው ጥናቱ ያገለገለ መኪና ገበያን ይመለከታል። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው መካከለኛ ዋጋ ነው፤ ያን ጊዜ መኪናውን በሥርዓት የያዘ ሰው መሸጥ አያዋጣውም፣ ከገበያ ይወጣል፣ የሚቀረውም የተበላሸው ነው። ዘይቱን በየጊዜው የቀየረ፣ ደረሰኙን ሁሉ በፋይል ያስቀመጠ ሻጭ በአዲስ አበባ ዛሬ ከአጭበርባሪው እኩል ይጠረጠራል። የኪሎ ሜትር መዝገብ ከማንም በላይ የሚክሰው እርሱን ነው።

«መርማሪው ራሱ ጉቦ ተቀብሎ የውሸት ቁጥር ቢጽፍስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ግን ቁጥሩ የሚመዘገበው ሽያጭ ባልታሰበበት ጊዜ፣ በየዓመቱ ነው። በ2015 90 ሺህ የተመዘገበ መኪና በ2018 70 ሺህ ካሳየ ማንም ሒሳብ የሚችል ሰው ያየዋል። ለማጭበርበር ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ በየዓመቱ መዋሸት ያስፈልጋል። በተጨማሪ የጌጁ ፎቶ ከሰነዱ ጋር ቢያያዝ ወጪው ከአንድ ስልክ አይበልጥም። የመዝገቡ ክፍያ ከቦሎ ክፍያ ጋር ሊካተት ይችላል፤ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ገዢ ለዚህ መቶ ብር አይሰስትም።

የወረቀት ጣጣው በአንጻሩ መፍትሔ አለው፣ ሰው ስለሚቸኩል እንጂ። በውክልና የሚሸጥ መኪና ሞልቷል፤ ባለቤቱ ስም ማዞሩን ሸሽቶ ወይም አገር ውስጥ ስለሌለ ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል፣ ያም ለሌላው። ውክልናው ሲሻር ወይም ሰጪው ሲሞት ገዢው ባዶ እጁን ይቀራል። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ቀርቦ የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳ ወይም ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆኑን ማጣራት፣ ከዚያም በውልና ማስረጃ ተፈራርሞ ስም ማዞር ነው። በተለይ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ሊሸጥ ስለማይችል ርካሽ ዋጋው ሊያማልል አይገባም። ውሉ ላይ «መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼ ተቀብያለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገባል፤ ሻጮች ከዚህ በኋላ የሚጠየቁ አይመስላቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ ሆን ብሎ ከደበቀ ከኃላፊነት ነፃ የሚያወጣው ስምምነት እንደማይጸና ይደነግጋል። ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ኪሎ ሜትር መመለሱን በፍርድ ቤት ለማስረዳት ግን እንደገና ያው መዝገብ ነው የሚያስፈልገው።

ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጠው የኤሌክትሪክ መኪኖች ተራ ስለደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በብዛት የገቡት ቢዋይዲዎች፣ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራው ፎልክስዋገን አይዲ 6 እና ሌሎችም ለሁለተኛ ባለቤት መሸጥ ጀምረዋል። በእነርሱ ላይ ጭስ የለም፣ የሞተር ድምፅ የለም፣ መዳፍ ኮፈን ላይ ማሳረፍም ጥቅም የለውም። የመኪናውን ዋጋ የሚወስነው ባትሪው ስንት በመቶ አቅሙ እንደቀረ ነው፤ ያ ቁጥር በኮምፒውተር ካልተነበበ በዓይን አይታይም። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 በዱባይና በአካባቢው የወረደው ያልተለመደ ዝናብ ብዙ መኪኖችን በውኃ አጥለቅልቋል፤ ከዚያ ወዲህ ከዚያ አካባቢ የመጣን መኪና የሚገዛ ሰው ምንጣፉን ገልጦ የወንበሩ መንሸራተቻ ብረት ላይ ዝገትና ደለል መፈለግ አለበት፤ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳይ የኮምፒውተር ንባብ ሳያይም ቀብድ መክፈል የለበትም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር እነዚህን መኪኖች በየዓመቱ ለቦሎ ሲያስመረምር ኪሎ ሜትራቸውንና የባትሪያቸውን ቀሪ አቅም አስመዝግቦ ለገዢ ክፍት ቢያደርግ፣ መዝገቡ ከመጀመሪያው ባለቤት ጀምሮ የተሟላ ይሆናል። በቪትዞቹ ላይ ያመለጠው ዕድል በእነዚህ ላይ ገና አላመለጠም።